የአቶ ደምሰው ወተትና የእድሩ ድንኳን

አንድ ቀን፣ ዓርብ ጠዋት መሆኑ ነው፣ የቀለም ፋብሪካው ባለቤት አቶ ደምሰው ሠራተኛውን በሙሉ ግቢ ውስጥ ሰበሰቡ። አቶ ደምሰው ሠራተኛ ሰብስበው ነገር ሰጥተው አያውቁም፤ ሲሰበስቡ ሰው ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል።

ፋብሪካው ኮምቦልቻ ዳር ነው። እናቴ ሉባባ እዚያ ዱቄት ክፍል ትሠራለች። ዱቄት ስላችሁ የዳቦ እንዳይመስላችሁ፣ የቀለም ነው። ቀይ በሚመረትበት ቀን ቀይ ሆና ትመጣለች፣ አረንጓዴ በሚመረትበት ቀን አረንጓዴ። እኔ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ሳያት የዕለቱን ምርት አውቃለሁ። የሚያስቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ቤት ገብታ ስትስል ግን የምትተፋውም ቀለም አለው።

ወተቱም የመጣው ለዚህ ነው። ዱቄት ክፍል ለሚሠራ ሰው ሁሉ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግማሽ ሊትር ወተት ይታደላል። ደረት ያጥባል ይባላል። ያጥብ አያጥብ ሐኪም ይወቀው፤ እማዬ ግን ሳትጠጣ የዋለች ቀን ከበሩ እስከ አልጋዋ ሦስት ጊዜ ቆማ ነው የምትስለው።

ወተቱም ቢሆን ወተት ከተባለ ነው። አቶ ደምሰው ቀለም በውሃ የሚያቀጥኑበት እጃቸው ወተት ላይም ሥራ አይፈታም። ከስቶሩ በር በላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ሠራተኞቹ ወተት የሞላውን ብርጭቆ ወደሱ ያነሱና በብርጭቆው ውስጥ ሰዓቱን ያነባሉ። «አራት ከአምስት ሆኗል» ይባባላሉ፤ ከዚያ ይጠጣሉ።

ታዲያ የዚያን ዕለት አቶ ደምሰው ቀለም ጣሳ ላይ ወጥተው ቆሙና «ትናንት ቴሌቪዥን ያየ?» ሲሉ ጠየቁ።

ማንም አላየም። መብራት አልነበረም፤ የእሳቸው ግቢ ብቻ ጄኔሬተር አለው።

«እኔ እስከ መጨረሻው አየሁት» አሉ። «ረቂቅ በጀቱ ለፓርላማ ቀረበ። ቀጣሪ ለሠራተኛው በሚሰጠው ጥቅማጥቅም ላይ ግብር ይጣል የሚል ሐሳብ አለበት። ጥቅማጥቅም ማለት ምን ማለት ነው? ወተት! ሳሙና! ሰርቪስ መኪና! ስለዚህ ሦስቱም ከትናንት ጀምሮ ቀርተዋል። በኔ አትዘኑ፣ የማክሮ ኢኮኖሚ ጉዳይ ነው።»

ከማክሮ ጋር ማን ይጣላል?

ጋሽ ይማም ብቻ ኮፍያውን አውልቆ ወደፊት ወጣ። ጋሽ ይማም ቀለም ቀማሚ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀምም ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ምላሱን ደግሞ ኮምቦልቻ ሙሉ ያውቀዋል።

«ጌታው፣ ለመረዳት ያህል ነው» አለ። «ከትናንት ጀምሮ ካሉ፣ ትናንት የጠጣነውን ወተት እንዴት እናድርገው? በሳሙናውም ታጥበንበታል። እድፉን እንመልስ?»

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። በሌላ ቀን ቢሆን አቶ ደምሰው «አንተ ይማም፣ አፍህን ዝጋ!» ነበር የሚሉት። በዚያ ሳምንት ግን «አንተ» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ጠፍታ ነበር። ምክንያቱም ልጃቸው ይድነቃቸው ፌቨን የምትባል የደሴ ልጅ ወዶ፣ እሁድ ወደ አባቷ ወደ አቶ ሰይፈ ሽማግሌ ሊላክ ነው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ማን መሰላችሁ? ጋሽ ይማም! እኛ አገር እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ሽማግሌ ሽማግሌ ነው፤ አፍ ያለው ይላካል።

«ትናንት የጠጣችሁት ምርቃት ይሁንላችሁ፣ ጋሽ ይማም» አሉ አቶ ደምሰው ጥርሳቸውን ነክሰው።

«እግዜር ይስጥልን። ግን ፓርላማው እሺ ብሏል እንዴ?»

«እርስዎ ቀለም ያውቃሉ፣ እኔ ኢኮኖሚ አውቃለሁ። ሐሳብ ከቀረበ አለቀ! እስኪጸድቅ የሚጠብቀው ሰነፍ ነው። ብልህ ሰው እንደ ጸደቀ ቆጥሮ ሥራውን ይጀምራል።»

«ሐሳብ ከቀረበ አለቀ?»

«አለቀ!»

«ለወተት ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም ነገር?»

«ለሁሉም ነገር! በዚህ ግቢ ሕጉ ይሄ ነው!»

«እንግዲያው ጌታው፣ እኛ የምንረሳ ሰዎች ነን» አለ ጋሽ ይማም ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ይቺን ቃልዎን በጽሑፍ ቢያደርጉልን። ማህተምም ቢያርፍባት አንከራከርም።»

አቶ ደምሰው ማህተም መምታት ይወዳሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የሽንት ቤቱ ቁልፍ መዝገብ ሁሉ ማህተም አለው። ወዲያው ጸሐፊያቸውን አስጠርተው አስጻፉ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ተለጠፈ፦ «በዚህ ድርጅት ማንኛውም ሐሳብ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል።» ማህተሙን ሦስት ጊዜ መምታት ነበረባቸው፤ ቀለም ፋብሪካ ሆኖ የማህተሙ ቀለም ደርቋል።

በነጋታው ቅዳሜ ወተት የለም፣ ሰርቪስም የለም። እማዬ በእግሯ መጣች። ያን ቀን ምርቱ ቢጫ ነበር። መታጠፊያው ላይ ብቅ ስትል አየኋትና እንደ ልማዴ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የመስቀል አበባ!» ልላት አፌን ስከፍት፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሳለች። ተነሳች። ሦስት እርምጃ ሄዳ እንደገና ተቀመጠች። አፌን ዘጋሁት። እኔን የሚያውቅ ሰው ይሄ በዓመት አንዴ እንደሚሆን ይነግራችኋል።

«ምን ትቆሚያለሽ፣ ቦርሳዬን ያዢልኝ እንጂ» አለች።

«ወተት ልግዛልሽ?»

«በምንሽ ልትገዢ? ዝም በይ፣ ያልፍልኛል።»

አላለፈላትም። ሲመሽ ጋሽ ይማም ሊጠይቃት መጣ። ሲወጣ በር ላይ ያዘኝና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንቺ ዘሐራ፣ አንቺ ሰይጣን፣ እልልታሽ እንዴት ነው?»

«ግድግዳ ያልፋል ጋሼ።»

«ፈተና ጨርሳችኋል?»

«ጨርሰናል።»

«ጓደኞችሽስ?»

«እነሱም ቦዝነዋል። ከበሮም አለን።»

«እንግዲያው ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ፋብሪካው በር እንገናኝ።»

ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ተንኮል ሲሸተኝ ጨዋ ልጅ ነኝ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ደሴ ወጡ። እንደ ወጉ ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ ጋሽ ይማምም ምላሱን አሳምሮ ልጅቷን ጠየቀ። አቶ ሰይፈ ግርማ ሞገሳቸው የሚያስፈራ፣ ደሴ ላይ ሁለት የዱቄት ወፍጮ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ንቀት ከሸተታቸው እንኳን ልጅ ውሃ አይሰጡም። እሳቸውም እንደ ወጉ «ሰምተናል። ወገን አለን፣ እንማከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ቀጥለው «እስከዚያው ቤተሰቡን እናያለን። ነገ ወንድሜ ለጉዳይ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ፋብሪካችሁም ጎራ ይላል» አሉ።

ይሄን ሲሰሙ አቶ ደምሰው ሰኞ በጠዋት ግቢውን አስጠርገው፣ ክራቫት አስረው፣ ቢሯቸው ውስጥ አጎትየውን መጠበቅ ጀመሩ።

አራት ሰዓት ሆነ። የወተት ሰዓት ነው፤ ወተት የለም፤ የሠራተኛው እጅ ባዶ ነው። ሠራተኛው እድር አለው። የእድሩ ድንኳን የሚቀመጠው ፋብሪካው ስቶር ውስጥ ሲሆን፣ የእድሩ ዳኛ ራሱ ጋሽ ይማም ነው። ለሠርግም ለሐዘንም የሚወጣው ያው አንዱ ድንኳን ነው። «አውጡ!» አለ ጋሽ ይማም። ሠላሳ ሰው ተረባርቦ በአሥር ደቂቃ መሐል ግቢው ላይ ተከለው።

አቶ ደምሰው የብረት ድምፅ ሰምተው ከቢሮ ሮጠው ወጡ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም ጌታው» አለ ጋሽ ይማም። እማዬን ዞር ብሎ አየና «እስካሁን» አለ።

እማዬ ሳለች። ያስተማራት እንዳይመስላችሁ፣ የራሷ ሳል ነው።

እዚህ ላይ እኛ ገባን። አራት ሴቶች ነን፣ ከበሮ አለን፣ እልልታዬም ዱቄት ክፍል ድረስ ይሰማል። ግጥሙን መንገድ ላይ የገጠምኩት እኔ ነኝ፦

«የአቶ ደምሰው ግቢ ድንኳን ተተከለ፣
ወተቱ ቢቀርም ሠርጉ መች ጎደለ!»

ሠራተኛው ተቀበለን። አንዱ ፎርክሊፍት ላይ ወጥቶ እስክስታ ወረደ።

«የምን ሠርግ?» አሉ አቶ ደምሰው። ፊታቸው ከማህተማቸው ይበልጥ ደረቀ።

«የይድነቃቸው ነዋ! እንኳን ደስ ያለዎት!»

«የይድነቃቸው? ከማን ጋር?»

«ከፌቨን ጋር። ትናንት ጠይቀናት የለ?»

«ጠየቃችሁ እንጂ!»

«እኮ፣ ሐሳቡ ቀርቧል።»

«ቢቀርብስ! አንተ ሰው አብደሃል እንዴ?» አሉ። አያችሁ፣ «አንተ» ተገኘች! «ሰይፈ እንማከርበት ነው ያለው! ልጁን መች ሰጠኝ? ሽማግሌ ተልኮ መልስ ሳይመጣ ድንኳን የሚተክል የት አገር አለ? ሰውየው ይሄን ካየ፣ ልጄን ሳልሰጥ ወሰዳት ይላል! ናቀኝ ይላል! አልቆልኛል እኮ! ንቀል! አሁን ንቀል!»

«የት አገር አለ አሉ?» አለ ጋሽ ይማም። በሰማያዊ ጥፍሩ ማስታወቂያ ሰሌዳውን አሳያቸው። «እዚህ ግቢ አለ። ሦስት ማህተም አርፎበታል።»

አቶ ደምሰው ሰሌዳውን አዩ። ድንኳኑን አዩ። እኔን አዩኝ። እኔ እልል አልኩላቸው።

ይሄኔ ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ጌታው፣ ነጭ ላንድክሩዘር በር ላይ ቆሟል። ከደሴ ነው የመጣሁት ይላል ሰውየው።»

አቶ ደምሰው የጋሽ ይማምን እጅጌ ያዙ። «ጋሽ ይማም፣ በፈጠረዎት፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ያንሱልኝ።»

«እርስዎም» ተመለሰች።

«ድንኳኑን ማንሳት ቀላል ነው ጌታው። መጀመሪያ ቃልዎን ያንሱ።»

«የቱን ቃል?»

«ሐሳብ ከቀረበ አለቀ ያሉትን።»

«አላለቀም!» ብለው ጮኹ። እንዲህ ጮኸው አያውቁም፤ መቶ ሃያ ሠራተኛ ሰማቸው። «ሐሳብ ሐሳብ ነው! የተጠየቀው ሰው እሺ እስኪል ምንም የተደረገ ነገር የለም! ምንም! ይሄን ሕፃን ያውቀዋል!»

ጋሽ ይማም ኮፍያውን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከበሮአችንም ቆመ።

«እንግዲያው ጌታው፣ በጀቱም ገና ፓርላማው ደጃፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ቆሟል፤ ተቀመጥም አላሉትም። የፌቨን አባት እሺ ሳይል ድንኳን መትከል ነውር ከሆነ፣ ፓርላማው እሺ ሳይል የሉባባን ወተት ማን ጠጣው?»

ከበሩ ውጭ ላንድክሩዘሩ ጡሩንባ ነፋ።

«ይመለስ!» አሉ አቶ ደምሰው። «ወተቱ ይመለስ!»

«ሳሙናውስ?»

«ይመለስ!»

«ሰርቪሱ?»

«ይመለስ አልኩ እኮ! ድንኳኑን! ድንኳኑን!»

ግን ማን ደርሶለት። ዘበኛው በሩን ከፈተው፤ የፌቨን አጎት ገቡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ድንኳኑን ሲያዩ ደንግጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን አርፎባችሁ ነው?»

አቶ ደምሰው ክራቫታቸውን ጎተቱ።

«ኧረ ሐዘን አይደለም» አለ ጋሽ ይማም ፈገግ ብሎ። «ጌታችን ሠራተኛው ወተቱን ፀሐይ ላይ ቆሞ አይጠጣ ብለው ነው። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ያጠጡናል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ደረታችን ያሳስባቸዋል።»

«እነዚህ ከበሮ የያዙት ልጆችስ?»

ጋሽ ይማም ዞሮ አየኝ። እኔ እንኳን ለውሸት አልቸገርም።

«እኛ የሠራተኛ ልጆች ነን አባባ» አልኳቸው። «እናቶቻችን ወተት ሲጠጡ ደስ ይለናል።» ይሄ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

አጎትየው አቶ ደምሰውን ትክ ብለው አዩአቸው። «አንድ ሰው የሚታወቀው ከሥሩ ያሉትን በሚይዝበት ነው ይላል ወንድሜ ሁልጊዜ። ይሄንን እነግረዋለሁ። በሉ እኔም ደርሼባችኋለሁ፣ አንድ ብርጭቆ እቀምሳለሁ» አሉና ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

አቶ ደምሰው ሾፌራቸውን በክራቫታቸው ሊያንቁት ምንም አልቀራቸውም። «ሂድ! ወተት! ሁለት ጀሪካን! በረህ ሂድ!»

ወተቱ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አቶ ደምሰው እየሳቁ ተቀመጡ፤ ሲስቁ እንደዚያ የሚያሳዝን ሰው አይቼ አላውቅም። አጎትየው እማዬን ስለ ልጆቿ ሲጠይቋት አቶ ደምሰው ጊዜ አገኙና ወደ ጋሽ ይማም ጆሮ ጠጋ አሉ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ጆሮ ደግሞ አለኝ።

«ግን ጋሽ ይማም፣ የበጀቱ ሐሳብ ቢጸድቅስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን ጌታው» አለ ጋሽ ይማም። «ድንኳኑ እንደሁ እዚሁ ስቶር ውስጥ ነው። ለሠርግም ለሐዘንም ያው እሱ ነው፤ ለየቱ እንደምናወጣው ያን ቀን እርስዎ ይነግሩናል።»

ጀሪካኖቹ መጡ። አቶ ደምሰው በአጎትየው ፊት ውሃ ማስጠጋት አልቻሉም። እማዬ ብርጭቆዋን እንደ ልማዷ ወደ ስቶሩ ሰዓት አነሳችው፤ አየች፣ አዘነበለችው፣ ደግማ አየች።

«ሰዓቱ አይታይም» አለችና ጭልጥ አደረገችው።